ሰላምታ የሞላው ካሴት

ፌንጣ የሚለውን ስም ያወጣችላት አክስቷ ናት። እግሯ ቀጭንና ረጅም ነው፤ አንድ ቦታ ረግታ አትቀመጥም፤ ምላሷ ደግሞ ከእግሯ ይቀድማል። ትምህርቷን አራተኛ ክፍል ላይ አቋርጣ፣ አክስቷን ተከትላ ባሕር ተሻግራ፣ አክስቷ ከምትሠራበት የሆቴል ምድር ቤት ልብስ ማጠቢያ ከገባች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ሥራዋ አንሶላ ማጠፍ ነው። ጠዋት አንሶላ፣ ከሰዓት አንሶላ፣ በሕልሟም አንሶላ። ውጭ አገር የሄደ ዓለምን ያያል ይባላል፤ ፌንጣ ያየችው ነጭ ጨርቅ ብቻ ነው፤ እሱንም አጥፋ ለሌላ ሰው አልጋ ትልከዋለች።

ምድር ቤቱ ውስጥ ስምንት ማሽኖች ቀኑን ሙሉ ያጓራሉ። የሥራ ኃላፊዋ አፍ አውጥታ ከመናገር ደወል መደወል ይቀላታል። ለምሳ ደወል፣ ለሻይ ደወል፣ ለቁጣም ደወል። ስሟም "ደወል" ሆኖ ቀረ። ከማሽኖቹ ማዶ፣ የእንፋሎት ቧንቧ በሚያልፍበት ጥግ፣ እማማ ካውያ ቆመው ሸሚዝ ይተኩሳሉ። የአገር ሰው ናቸው፤ እዚህ ከመጡ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ካውያውን እንደ ልጅ ስለሚቆጡትና ስለሚያባብሉት ነው ስሙ የወጣላቸው።

እማማ ካውያ ሲተኩሱ ያንጎራጉራሉ። ካውያው ወደ ፊት ሲሄድ ሁለት ስንኝ ይወጣል፤ ወደ ኋላ ሲመለስ ዝም ይላሉ። እንደገና ሲሄድ ሌላ ሁለት ስንኝ፣ ሲመለስ እንደገና ዝም።

ክንዴ መነመነ ድንጋይ ስገፋ፣
አማቴ ወፈረች በኔ ስትከፋ።

ፌንጣ ይህን መጀመሪያ የሰማች ቀን የያዘችውን አንሶላ ጥላ ሳቀች።

"እማማ፣ ይሄ ዘፈን ከየት የመጣ ነው?"

"ከወፍጮ። በእጃችን ስንፈጭ የምንለው ነው። አሁን ወፍጮው በመብራት ሆነ፤ መብራት ደግሞ አይዘፍንም" አሉና የሸሚዙን አንገትጌ ገለበጡት።

ነገሩ በሳቅ ብቻ ቢያልቅ ኖሮ ፌንጣም በሰላም አንሶላዋን ባጠፈች ነበር። ግን ከአንድ ጎማ መጠገኛ በላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች ውስጥ አንድ የአገር ሰው ድምፅ መቅዳት ያስተምራል የሚል ወሬ ሰማች። አስተማሪው በዓመት ስድስት ልጅ ብቻ ይቀበላል፤ አምስቱ ወንበር ተይዟል። ፌንጣ እስከዚያ ቀን ያንኳኳችው በር ሁሉ "የትምህርት ማስረጃ" የሚል ሰው ነበር የሚከፍትላት። የፀጉር ሥራ ትምህርት ቤቱ ስምንተኛ ክፍል ይላል፤ የልብስ ስፌቱም ስምንተኛ ክፍል ይላል። መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ስምንት ዓመት መማር ያስፈልጋል እንዴ?

አስተማሪው ግን ከእግር እስከ ራሷ አይቷት "ወረቀት አልፈልግም" አላት። "እኔ የምፈልገው ጆሮ ነው። ማንም ቀድቶት የማያውቅ የአገር ዘፈን ቀድተሽ አምጪ። እስከ ሐሙስ አስራ አንድ ሰዓት ድረስ። ከዚያ በኋላ ስድስተኛው ወንበር ለሌላ ሰው ነው።"

"ጋሼ፣ በእጄ ነው ይበሉት! አንዲት እናት አሉ፣ ኧረ እንዲያውም ቀድቼዋለሁ ማለት ይቻላል" አለች። ውሸቷን ነው።

"በስልክ እንዳይሆን! በስልክ የተቀዳ ድምፅ በርሜል ውስጥ የወደቀ ድመት ነው።"

ፌንጣ ስልክም የላትም። አስተማሪው ከመደርደሪያው ላይ ባለ ካሴት መቅረጫ አወረደላት፤ የጡብ ያህል ይከብዳል። ውስጡ አንድ ካሴት አለ፤ በአንዱ ገጽ ሠላሳ ደቂቃ፣ በሌላው ሠላሳ። ቀዩን ቁልፍ አሳያትና "አደራ፣ ካሴቷን እንደ ዓይንሽ! ያለችኝ እሷው ናት፤ ዛሬ ብትፈልጊም ገበያ ላይ የለም" አላት። ፌንጣ መቅረጫውን አቅፋ ደረጃውን ሦስት ሦስቱን እየዘለለች ወረደች። አንሶላ ደህና ሰንብት!

ሰኞ የምሳ ደወል ሲደወል ማሽኖቹ ጸጥ አሉ። ፌንጣ ምሳዋን ትታ መቅረጫውን እማማ ካውያ ፊት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች።

"እማማ፣ ያንን የወፍጮውን አንድ ጊዜ ይበሉልኝ።"

እማማ ካውያ መቅረጫውን አዩ። ጎንበስ ብለው በክዳኑ መስታወት ካሴቱን አዩ። ዓይናቸው በራ። ካውያውን ከመብራቱ ነቀሉ፣ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ፣ ሻሻቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ፌንጣ ልቧ እየመታ ቀዩን ቁልፍ ተጫነች።

"ጤና ይስጥልኝ!" አሉ እማማ ካውያ ጮክ ብለው። "እንደምን ከርማችኋል? እኔ ደህና ነኝ፣ አምላክ ይመስገን። ለታላቅ ወንድሜ ሰላምታዬ ይድረስ። ለባለቤቱ ሰላምታዬ ይድረስ። ለልጆቹ..." ልጆቹን በየስማቸው ጠሩ፤ ዘጠኝ ናቸው።

"እማማ፣ ዘፈኑን..."

"ቆይ! ለአንጥረኛው ጎረቤታችን ሰላምታዬ ይድረስ። እግርህ ተሻለህ ወይ? ሞተህም ከሆነ ነፍስ ይማር። በቅሎህስ እንደምን ናት?"

ፌንጣ ቁልፉን ልታጠፋ እጇን ብትሰድ እማማ ካውያ መቅረጫውን በሁለት እጃቸው ጥብቅ አድርገው ያዙት። የሚያውቁት ካሴት ሌላ ነው። በእሳቸው ጊዜ በሰፈሩ ደብዳቤ የሚጽፍ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ወሬ አይቋጥርም። ስለዚህ አገር የለቀቀ ሰው ድምፁን ካሴት ላይ ሞልቶ በተጓዥ ይልካል፤ አገር ያለው ደግሞ ተሰብስቦ ሰምቶ መልሱን ሞልቶ ይልካል። በካሴት ላይ ስሙ ያልተጠራ ዘመድ ደግሞ እንደተጣሉት ቆጥሮ ያኮርፋል።

"ሰላምታ ሳላደርስ ዘፈን ልጀምር? አበደች ይሉኛል እኮ!" ብለው ወደ አጎታቸው ልጆች ተሻገሩ።

ሠላሳ ደቂቃው አለቀና ቁልፉ በራሱ ቀጭ ብሎ ተነሳ። የአጎት ልጆች ገና አላለቁም ነበር። ደወል ደወለች። ፌንጣ ምሳዋንም ዘፈኑንም አጥታ ወደ አንሶላዋ ተመለሰች።

ማክሰኞ ብልጥ ልሁን አለች። ካሴቱን ወደ ሌላው ገጽ ገለበጠችና መቅረጫውን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ደብቃ ካውያው አጠገብ አንሶላዋን ማጠፍ ጀመረች። እማማ ካውያም ምንም ሳይጠረጥሩ እንደ ወንዝ ወረዱ፦

ተኳሽ ነሽ ይሉኛል ጠመንጃ ሳልይዝ፣
ስንት ዓመት ተኩሼ አልገደልኩም ሸሚዝ።

ፌንጣ ሳቋን ለመዋጥ ከንፈሯን ነከሰች። አገኘሁት ብላ ማታ ቤት ደርሳ ከአክስቷ ጋር ከፈተችው። የተሰማው የማሽን ጩኸት ነው። ከእሱ በላይ ኮሽ ኮሽ የሚል የኪስ ጨርቅ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጯ፣ ጯ፣ ጯ።

"ይሄ በሬ ሲያመሰኳ ነው?" አለች አክስቷ።

"ማስቲካዬ ነው" አለች ፌንጣ፤ ፊቷን ትራስ ውስጥ ቀበረች። "አክስቴ፣ አንድ ቀን ቀረኝ! አንድ ቀን! እሳቸው መቅረጫ ሲያዩ ሰላምታ፣ መቅረጫ ሳያዩ ዘፈን። ምን ባደርግ ይሻላል?"

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እማማን እዚህ ጥሪያቸው። ነገ የዕረፍት ቀናችን ነው፤ ማሽን የለ፣ ደወል የለ።"

ረቡዕ እማማ ካውያ አዲስ ቀሚሳቸውን ለብሰው መጡ። ክፍሏ አንድ አልጋ፣ አንድ መስኮት፣ አንድ ወንበር ናት፤ ወንበሩን ሰጧቸው። ጎረቤት ጸጥ ብሏል። ፌንጣ በማክሰኞው ጩኸት ላይ ልትቀዳበት ካሴቱን ወደ መጀመሪያው መለሰች፤ ማስቲካዋንም አስቀድማ ጣለች። ሁሉ ነገር ተሟልቷል፤ እማማ ካውያ አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ደግሞ ከፈቱ።

"አልመጣ አለኝ።"

"እንዴት አልመጣ አለ? ትናንት ሲያፈሱት አልነበረም?"

"ልጄ፣ ዘፈኑ ያለው እጅ ላይ ነው፤ ጉሮሮ ላይ አይደለም። ባዶ እጅ ምን ያወጣል?"

አክስቷ ይህን ስትሰማ ደስታዋ ሌላ ሆነ። ካውያ አመጣች፤ ጠረጴዛ ከጎረቤት ተዋሰች፤ ከዓመት በፊት የታጠበውን ሁሉ፣ መጋረጃ ሳይቀር፣ ከምራ አቀረበችላቸው። "በደንብ ይዝፈኑ እማማ፤ ገና ካልሲ አለኝ" አለች።

እማማ ካውያ ካውያውን አነሱ፤ ግን መቅረጫውን አይተው መልሰው አስቀመጡት።

"ይሄ ካሴት መቼ ነው የሚላክልኝ?"

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ፌንጣ እዚህ ላይ "አይላክም፤ የእኔ ነው፤ ለትምህርት ነው" ማለት ነበረባት። ሐሙስ አስራ አንድ ሰዓት ታያት፤ ስድስተኛው ወንበር ታያት።

"ተጓዥ እንደተገኘ ነዋ እማማ" አለች። ተጓዥ ከየት ይገኛል ብላ ነው።

"እንግዲያው አንድ ሰው ቀርቶኛል።" እማማ ካውያ ቀዩን ቁልፍ ራሳቸው ተጫኑ። ካሴቱ ብቻ ይዞራል። ፌንጣ ደቂቃው በከንቱ ሲያልቅ እያየች ጥፍሯን በላች።

"እህቴ" አሉ በመጨረሻ፤ ድምፃቸው የሰኞው አይደለም። "አስራ ዘጠኝ ዓመት ስምሽን ሳልጠራ ቀረሁ። እናታችን ስትሞት ወፍጮዋን ወሰድሽብኝ ብዬ ነው። ድንጋይ ነው እኮ! ለድንጋይ ብዬ ዘጋሁሽ። ወፍጮው ይሁንልሽ። ሰላምታዬ ይድረስሽ።"

አክስቷ መጋረጃውን ይዛ ቀረች። እማማ ካውያ አፍንጫቸውን ጠረጉና ካውያውን አነሱ፤ ዘፈኑም መጣ። ሲሄድ ሁለት ስንኝ፣ ሲመለስ ዝም።

"ይሄ ዝም የሚሉት ለምንድን ነው?" አለች ፌንጣ በሹክሹክታ።

"ያ የእህቴ ቦታ ነው። ፊት ለፊት ሆነን ነበር የምንፈጨው። እኔ እወረውራለሁ፤ እሷ ትቀበላለች። ብትችል ታሳፍረኛለች፤ ብችል አሳፍራታለሁ።"

ፌንጣ ጨነቃት። ግማሽ ዘፈን ይዛ እንዴት ትሄዳለች? እማማ ካውያ የተኳሹን ስንኝ እንደገና ወረወሩ፤ ካውያው ተመለሰ፤ ቦታው ባዶ ሆነ። ያኔ የፌንጣ ምላስ እንደ ልማዱ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ወጣ፦

ሸሚዝማ አልሞተም ቆሰለ ነው እንጂ፣
የተቃጠለውን እጅጌ አይተሽ ፍረጂ።

ካለች በኋላ ደነገጠች። "ይቅርታ እማማ፣ አንቺ አልኩዎት..."

እማማ ካውያ ግን ጠረጴዛውን ይዘው እስኪያስሉ ሳቁ። "በወፍጮ ላይ አንቱታ የለም! ምራት አማቷን አንቺ የምትለው እዚያ ብቻ ነው" አሉና መልሱን ጣሉባት፦

አፏ እየሰፋ ወገቧ ቀጠነ፣
ከፌንጣ ጋር የዋለ ጆሮው ባከነ።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው! እማማ ይወረውራሉ፣ ፌንጣ ትቀበላለች፤ አክስቷ መሐል ገብታ እልል ትላለች። የክምሩ ሦስት አራተኛ አለቀ። ቁልፉ ቀጭ ብሎ ሲነሳ የመጨረሻው ስንኝ ገና ማለቁ ነበር። ፌንጣ መልሳ አዳመጠችው። ጥርት ያለ ነው። ካውያው ሳይቀር እስትንፋሱ ይሰማል። የዚያን ቀን ስድስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን አነባብራ፣ አምስቱን ተማሪዎች በሐሳቧ ስታዝ ዋለች።

ሐሙስ መቅረጫውን በፌስታል ጠቅልላ ሥራ ይዛው መጣች፤ ከሥራ በቀጥታ ልትሄድ። የሻይ ደወል እንደተደወለ እማማ ካውያ ከኋላ በር እየሮጡ ገቡ። እኚህ ሴት ሲሮጡ ማንም አይቶ አያውቅም።

"ፌንጣዬ! ተጓዥ አገኘሁ! የሰፈሬ ልጅ ናት፤ ዛሬ ትሄዳለች፤ ታክሲው ቆሞ ይጠብቃል። ካሴቱን አምጪ!"

ፌንጣ ፌስታሉን አቅፋ ተከተለቻቸው።

በኋላው በር ታክሲ ቆሟል፤ ሻንጣው ተጭኗል፤ ተጓዧ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ሰዓቷን ታያለች።

"እማማ፣ ነገ ቢሆንስ? ነገ፣ ከነገ ወዲያ..."

"እህት" አለች ተጓዧ፣ "አውሮፕላን ነው የሚጠብቀኝ፣ ጋሪ አይደለም።"

"ሌላ ተጓዥ..."

"ሌላ ተጓዥ ከየት ይመጣል?" አሉ እማማ ካውያ። "ሰፈሬ የሚሄድ ሰው ሳገኝ በስንት ዓመቴ ነው! እህቴም እንደኔ አርጅታለች፤ ዛሬ ያልሰማች መቼ ትሰማኛለች? ምነው፣ ፊትሽ ጠቆረ?"

ፌንጣ አፏን ከፈተች። "የእኔ ነው" ለማለት ሁለት ቃል ይበቃል። ሁለት ቃል! በቀን ሁለት ሺህ ቃል የሚያወጣ አፍ ዛሬ ሁለቱ አነቁት። ደግሞስ ብትል፣ ትናንት "ይላካል" ያለው ማን ነው? ይኸው የራሷ አፍ። ማንን ትስደብ? ደወልን እንዳትሰድብ የለችበትም፤ እማማን እንዳትሰድብ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። መቅረጫውን ከፈተች፤ ካሴቱን በጥፍሯ ፈልቅቃ አወጣችው።

"ይውሰዱት!" አለች። "ይውሰዱት፣ ከነአንጥረኛው በቅሎ!"

እማማ ካውያ ቁጣውን አልሰሙም። ካሴቱን ስመው በመስኮቱ ሰጡ፤ ታክሲው ሄደ። ዞር ብለው ፌንጣን ግንባሯን ሳሟት፣ መረቋት፤ "ያሰብሽው ይድረስልሽ" አሏት። ፌንጣ ምርቃቱን ስትሰማ ግድግዳውን በእግሯ መታችው። የተጎዳው አውራ ጣቷ ነው።

አስራ አንድ ሰዓት ሊሆን አምስት ሲቀረው መቅረጫውን አስተማሪው ጠረጴዛ ላይ አኖረች። እሱ ከፈተው፣ በባዶው አፍ ውስጥ አየ፣ ገልብጦ ነቀነቀው።

"ካሴቱስ?"

"ተላከ።"

"ተላከ ማለት?"

"በአውሮፕላን። ለእህታቸው።"

"ካሴቴ!" አለ አስተማሪው ራሱን ይዞ። "የመጨረሻዋን ካሴቴን!"

ፌንጣ ሁሉንም ነገረችው፤ ሰላምታውን፣ በቅሎዋን፣ ድንጋዩን። እሱም ከልቡ ሰማ፤ መሐል ላይ ፈገግ ያለም መሰላት። ስትጨርስ ግን ራሱን ነቀነቀ። "ታሪኩ ጥሩ ነው። እኔ ግን ታሪክ አልጠየቅኩሽም፤ ድምፅ ነው የጠየቅኩሽ።"

"አሁን እዚሁ ልዝፈንልዎት! የእሳቸውንም የእኔንም..."

"አንቺ ዘፋኝ ልትሆኚ ነው የመጣሽው ወይስ ድምፅ ቀራጭ? ቀራጭ የያዘውን አይለቅም።"

"እርስዎ ቢሆኑ ይነጥቁ ነበር?"

አስተማሪው መቅረጫውን አነሳና መደርደሪያው ላይ መለሰ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ አንድ ልጅ ጆሮ ማዳመጫ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ገባ፤ ስድስተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ። እግሩንም አነባበረ። ፌንጣ ደረጃውን አንድ አንዱን እየረገጠች ወረደች።

አርብ ጠዋት ማሽኖቹ ያጓራሉ፤ አንሶላው ተከምሯል። ፌንጣ ሰላም ሳትል ገብታ ማጠፍ ጀመረች። አክስቷ ከማሽኖቹ መካከል አንገቷን አውጥታ አየቻት፤ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እማማ ካውያ ካውያቸውን ሰክተው፣ ትንሽ ጠብቀው፣ ወረወሩ፦

ፌንጣዬ አኩርፋ መዝለል ትታ ዛሬ፣
ማን ይቀበልልኝ ስወረውር ወሬ።

ካውያው ተመለሰ፤ ቦታው ባዶ ሆነ። ፌንጣ አንሶላዋን ለሁለት አጠፈች። እማማ ያንኑ ደገሙት። ፌንጣ ለአራት አጠፈች። ሦስተኛ ጊዜ ሲደግሙት አንሶላውን ክምሩ ላይ ወረወረችው። አንቺ ማለት በሚቻልበት ብቸኛ ቦታ፣ ትናንት ያነቃት ሁሉ ወጣ፦

ድምፅሽ አገር ገባ በሰው ሻንጣ ሆኖ፣
የኔ ወንበር ቀረ እንደ ጉም በንኖ።

እማማ ካውያ እንደ ልማዳቸው ሊስቁ አፋቸውን ከፈቱና ቆሙ። ካውያው ሸሚዙ ላይ እንዳለ ቆመ።

"የምን ወንበር?"

ፌንጣ ሌላ አንሶላ አነሳች።

"ፌንጣ፣ ካሴቱ የማን ነበር?"

የተቃጠለ ጨርቅ ሽታ መጣ። ከማሽኖቹ ወዲያ ደወል ያለ ማቋረጥ ትደውል ጀመር። ፌንጣ ሮጣ ካውያውን አነሳችላቸው፤ የሸሚዙ ደረት ላይ የካውያው ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ታትሟል።

"ይኸው፣ አንዱን ገደሉት" አለች፤ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። "የሚቀጥለውን ያምጡ እማማ። ደግሞ ይወርውሩ። ገና አልጨረስኩልዎትም።"